ድርቅ ለጎዳው የግቢ ዛፍ የትኛው አጠጣጥ ይሻላል?

በሰሜን ሸዋ ክረምቱ መስከረም ላይ ከወጣ በኋላ ቀጣዩ አስተማማኝ ዝናብ እስከ ሰኔ መጨረሻ ላይመጣ ይችላል። በመካከሉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በልግ አለ፤ ነገር ግን በልግ የሚጠበቅ እንጂ የሚታመን ዝናብ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከድቶ ክረምቱም በኤልኒኞ ምክንያት ሲሳሳ፣ ሰው ሁሉ ስለ እህሉና ስለ ከብቱ ይጨነቅ ስለነበር የግቢውን ዛፍ ዞር ብሎ ያየ ጥቂት ነበር። እህል በዓመቱ ይተካል፤ አሥር ዓመት የቆመ ማንጎ ወይም ጽድ ግን አንዴ ከደረቀ ለመተካት ሌላ አሥር ዓመት ይጠይቃል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣለት ወይም ውሃ በጀሪካን ለሚያስቀዳ፣ በግቢውም ከአንድ እስከ አሥር የሚደርሱ ዛፎች ላሉት ሰው ነው። የሚነጻጸሩት ዘዴዎች አምስት ሲሆኑ፣ እነርሱም በክብ ማቆሪያ ማፍሰስ፣ በውሃ ጎማ ቀስ አድርጎ ማጠጣት፣ የተበሳ ጀሪካን ማስቀመጥ፣ የሸክላ ማሰሮ መቅበር እና የጠብታ መስኖ መዘርጋት ናቸው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ ለአብዛኛው ግቢ ለትልቁ ዛፍ ክብ ማቆሪያ፣ ለችግኝ ደግሞ የተቀበረ ማሰሮ ከሌሎቹ ይበልጣሉ። ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ እንደ አፈሩ የሚለወጥ ስለሆነ፣ ዘዴውን ከመምረጥ በፊት ዛፉንና አፈሩን መመርመር ይገባል።

ተጠምቷል፣ ሞቷል ወይስ ሰጥሟል?

ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ሁሉ የሞተ አይደለም። ኮክና ፕሪም በበጋ ቅጠላቸውን የሚጥሉት በተፈጥሯቸው ነው፤ ሌሎች ዛፎችም ውሃ ሲያጥራቸው የሚተነውን እርጥበት ለመቀነስ ቅጠላቸውን ይጥላሉ። ለመለየት ከእርሳስ ያልወፈረ ቅርንጫፍ ይዞ ቅርፊቱን በጥፍር ወይም በካራ ጫፍ ጥቂት መፋቅ ያስፈልጋል። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ነገር ከታየ ቅርንጫፉ ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነና ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን ያ ቅርንጫፍ አልቋል። ይህን ከጫፍ ጀምሮ ወደ ግንዱ እየወረዱ በየደረጃው መደጋገም ይገባል፤ ምክንያቱም ድርቅ ዛፍን የሚገድለው ከጫፍ ወደ ታች ሲሆን፣ ላዩ የደረቀ ዛፍ ከወገቡ በታች ሕያው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ አፈሩ ይመረመራል። ለዚህ ክንድ ከግማሽ የሚሆን ቁራጭ ፌሮ ብረት በቂ ነው፤ ቁጥር 8 ይመረጣል። ብረቱን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ሥር መሬት ውስጥ በእጅ ገፋ ሲያደርጉት እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰጥማል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የገባውን ያህል በስንዝር መለካት ይቻላል። ዛፍ ውሃ የሚጠጣባቸው ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሚገኙ፣ ብረቱ አንድ ስንዝር ገብቶ ከቆመ ዛፉ ተጠምቷል ማለት ነው። ሁለት ስንዝር በቀላሉ ገብቶ ሲወጣ ጭቃ ይዞ ከመጣ ግን ችግሩ ሌላ ነው።

ይህን የምለው የራሴን ጥፋት አስታውሼ ነው። ደብረ ብርሃን በሚገኘው ግቢያችን፣ መረሬ በሚባለው ከባድ ጥቁር አፈር ላይ የተተከለ የሦስት ዓመት አፕል ነበረኝ። ቅጠሉ ጠውልጎ ዳር ዳሩን መቃጠል ሲጀምር ድርቅ ነው ብዬ በየማታው አንድ ባልዲ ውሃ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ ባጠጣሁ ቁጥር ይብስበታል፣ በባሰበት ቁጥር እጨምርለታለሁ። በመጨረሻ በዶማ ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ፣ ቅርፊቱ በእጄ እየተላጠ፣ እንደ ረግረግ ይሸት ነበር። አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ሽማግሌ ሽታው ሲደርሳቸው ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ተጠምቶ አይደለም፤ ሰጥሞ ነው የሞተው» አሉኝ። ሥር አየር ካጣ ውሃ መሳብ ያቆማል፤ ስለዚህ የሰጠመ ዛፍና የተጠማ ዛፍ ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ፌሮዋን የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስንት ጀሪካን?

በአትክልት ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት በጉልበት ከፍታ ላይ ለሚለካ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር የግንድ ስፋት 40 ሊትር ያህል ውሃ ይላል። ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ፣ ግንዱ ከዳር እስከ ዳር ስንት አውራ ጣት ጎን ለጎን ያስቀምጣል ብሎ ቆጥሮ ለእያንዳንዱ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መመደብ ነው። አራት አውራ ጣት ስፋት ያለው ግንድ እንግዲህ ስምንት ጀሪካን ይጠይቃል። ይህ ለአንድ ጊዜ እንጂ ለአንድ ቀን አይደለም፤ በደጋው የበሰለ ዛፍ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በቆላው ደግሞ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ እንዲህ ከጠጣ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል።

ስምንት ጀሪካን የማይገኝ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለውን ሦስት ወይም አራት ጀሪካን በዛፉ ዙሪያ ሁሉ ስስ አድርጎ ያርከፈክፋል፤ ወይም ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ ጆግ ይሰጣል። ሁለቱም ውሃውን ለፀሐይ መስጠት ነው። 25 ሊትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ አሸዋማ አፈርን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊያርስ ይችላል፤ በከባድ ጥቁር አፈር ላይ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ ላይወርድ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ካነሰ የዛፉን አንድ ጎን መርጦ በጥልቀት ማራስ፣ በቀጣዩ ዙር ደግሞ ወደ ሌላው ጎን መዞር ይሻላል። ዛፍ በአንድ ወገን ሥሩ ጠጥቶ ሙሉ አካሉን ማቆየት ይችላል።

ዘዴዎቹ ሲመዘኑ

ክብ ማቆሪያ ምንም ወጪ የለውም። ከግንዱ ቢያንስ አንድ ክንድ ርቆ፣ የሚቻል ከሆነም ቅርንጫፎቹ የሚያበቁበትን ተከትሎ፣ ከፍታው አንድ ጭብጥ የሚሆን የአፈር ጠርዝ ይሠራል። ውስጡን በጥልቀት መቆፈር አይገባም፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ከላይ ስላሉ ዶማው ይቆርጣቸዋል። ከግንዱ ጋር የተያያዘው መሬት ከፍ ብሎ ውሃው ወደ ውጭ እንዲሸሽ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ግንዱ ሥር የሚቋጥር ውሃ ቅርፊት ያበሰብሳል እንጂ ለዛፉ የሚጠቅመው ነገር የለም። የዚህ ዘዴ ድክመት ፍጥነቱ ነው። ጀሪካን በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ውሃው ጠርዙን ይደረምሳል፤ ደርቆ የቆየ አፈርም መጀመሪያ ላይ ውሃን ይገፋል። ስለዚህ ግማሽ ጀሪካን አፍስሶ አፈሩ እስኪጠጣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቆ ሌላውን መጨመር ይገባል።

የውሃ ጎማ ከማቆሪያው የሚበልጠው ጉልበት በመቆጠብ ብቻ ነው። ውሃው በእርሳስ ውፍረት እየወረደ በአንድ ቦታ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ወደ ሌላው ሲዛወር ጥሩ ይሠራል። ነገር ግን ባለቤቱ ረስቶት ሊተኛ ይችላል፤ የፈረቃ ውሃም ሌሊት መጥቶ ሌሊት ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚፈስ ለማወቅ ጎማውን በዚያው አከፋፈት ጀሪካን ውስጥ አድርጎ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ መያዝ ነው፤ በ20 ደቂቃ ከሞላ በየደቂቃው አንድ ሊትር እየፈሰሰ ነው።

የተበሳ ጀሪካን የሁለቱ መካከለኛ ነው። ያረጀ ጀሪካን ከታች ጎኑ በጋለ ወፍራም መርፌ ይበሳና፣ ተሞልቶ ማቆሪያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፣ አፈሩም ሳይቸኩል ይጠጣዋል። ለመሥራት ቀላል ቢሆንም ሁለት ነገሮች ያበላሹታል። አንደኛው ክዳኑ ነው፤ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆማል። ሁለተኛው ደለል ነው፤ የወንዝ ወይም የኩሬ ውሃ በነጠላ ጨርቅ ካልተጠለለ ቀዳዳው በሳምንት ውስጥ ይደፈናል። የአረም መድኃኒት ወይም ናፍጣ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለትናንሽ ችግኞች የሃይላንድ ጠርሙስ ሲጠቀሙ አይቻለሁ፤ ሁለት ሊትር ውሃ ለበጋው የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ምን ያህል እንደሚበቃ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የተቀበረ ማሰሮ ሰፋ አድርጌ ልናገርለት የምፈልገው ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ሸክላ በየገበያው እያለ ማንም አይጠቀምበትም። ከአምስት እስከ አሥር ሊትር የሚይዝ ማሰሮ ወይም ትንሽ እንስራ ከችግኙ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ እስከ አንገቱ ይቀበራል፤ ከዚያም ውሃ ይሞላል። ሸክላው ያልተቀባ ስለሆነ ውሃው በግድግዳው ቀዳዳዎች በኩል ይሰርጋል፤ አፈሩ ሲደርቅ ወደ ራሱ ይስበዋል፣ አፈሩ ሲርስ ደግሞ መስረጉ ይቀንሳል። ማሰሮው እንግዲህ ችግኙ የሚፈልገውን እንጂ ባለቤቱ የሚገምተውን አይሰጥም። ከላይ ያለው አፈር ደረቅ ሆኖ ስለሚቆይ አረም አይበቅልም፣ ፀሐይም የምትወስደው ጥቂት ነው። እንደ አፈሩና እንደ ሙቀቱ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ መሙላት ይበቃል።

ሸክላ ሲገዛ ግን አንድ ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ያገለገለ ማሰሮ ለዚህ አይሆንም፤ ሴቶቻችን ማሰሮን የሚያሟሹት ውሃ እንዳያሳልፍ አይደለምን? የተሟሸ፣ ቅባት የጠጣ ወይም ለጠላ የታጠነ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል። ከሸክላ ሠሪዋ ሲገዛ ያልተሟሸውን ጠይቆ ወስዶ፣ ውሃ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማሳደር ይገባል፤ ጠዋት ውጭው ላብ ላብ ካለ ይቀበራል፣ ደረቅ ከሆነ ይመለሳል። አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ መክደንም ግድ ነው፤ በተለይ ከደብረ ሲና በታች ባለው ቆላ ክፍት የውሃ ዕቃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ይህ ዘዴ ለትልቅ ዛፍ አያዋጣም፤ እርጥበቱ ከማሰሮው ግድግዳ ከአንድ ስንዝር ተኩል ብዙም ስለማያልፍ ለአንድ ማንጎ አምስት ስድስት ማሰሮ መቅበር ሊያስፈልግ ነው።

የጠብታ መስኖን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ሜትር ከፍታ ባለው ቆጥ ላይ የተሰቀለ በርሜል ወይም ሮቶ፣ ማጣሪያና ቀጫጭን ቧንቧ ያስፈልገዋል። ዛፎቹ በረድፍ የተተከሉና ከአሥር የሚበልጡ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሸዋ ሮቢት ወይም በምንጃር የፍራፍሬ ቦታ ላላቸው፣ ወጪው ትርጉም አለው። ለሦስት ኮክና ለአንድ ጌሾ ግን ዶሮ የሚጎትተው፣ አይጥ የሚበላው ንብረት ከመሆን አያልፍም።

አፈሩና ከፍታው ምርጫውን ሲለውጡት

በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ ዙሪያና በብዙው የደብረ ብርሃን ሜዳ ያለው መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አንዳንዱ ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ጀሪካን ሲገለበጥበት ውሃው በስንጥቁ በኩል ከሥሩ በታች ይወርዳል፤ ዛፉም ሳይጠጣ ይቀራል። እዚህ መጀመሪያ ስንጥቆቹን በደቃቅ አፈርና በብስባሽ መሙላት፣ ከዚያም ጥቂት ውሃ ረጭቶ አፈሩ አብጦ እስኪገጥም አንድ ቀን መጠበቅ፣ በማግስቱም ዋናውን ውሃ መስጠት ይገባል። ለመረሬ የተበሳው ጀሪካን ከጎማው ይሻላል። ማሰሮ ደግሞ በአፈሩ መኮማተርና ማበጥ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ዙሪያውን አንድ ጭብጥ ያህል አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር መሙላት ያስፈልጋል።

ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በሸዋ ሮቢት አፈሩ በብዙ ቦታ ቀለል ያለ ሲሆን ጠላቱ ሙቀቱ ነው። እዚያ ማሰሮም ማቆሪያም ይሠራሉ፤ ከሁለቱም ጋር ግን ጉዝጓዝ የግድ ነው። በሰባት ሳንቲ ሜትር ውፍረት የተነጠፈ ደረቅ ሣር የአፈሩን እርጥበት በግልጽ ያቆያል፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር መራቅ አለበት፣ ምስጥ ካለ ደግሞ በየሳምንቱ እየገለጡ ማየት ያስፈልጋል። ገለባን ለጉዝጓዝ አውጡ ብዬ አልመክርም፤ በበጋ ገለባ የከብት ነው፣ የተከራከረኝም የለም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም ሌሎችን ተክሎች የሚያቀጭጭ ነገር ስላለው ለችግኝ አይመረጥም። መንዝ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ምንም ሊፈልግ አይገባውም፤ በእጅ የሚነሣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በማቆሪያው ውስጥ መደርደር እንደ ጉዝጓዝ ያገለግላል፣ ከብትም አይበላውም።

በደጋው የሚጨመር ሌላ ጣጣ አለ፤ እርሱም ውርጭ ነው። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እርጥብ አፈር ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልስ፣ የተጠማ ችግኝ ከጠጣው ይልቅ በውርጭ ይጎዳል። ጉዝጓዝ ደግሞ ይህን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ፣ በእነዚህ ወራት ከለጋ ችግኝ ሥር ገለል አድርጎ ጥር ሲገባ መመለስ ይሻላል። በውርጭ የጠቆረን ጫፍ ድርቅ ነው ብሎ መቁረጥም አያስፈልግም፤ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው አዲስ እምቡጥ ሲወጣ ነው።

የውሃ ምንጭና የማይገቡ ነገሮች

ልብስ ታጥቦ የተለቀለቀበት ውሃ ለበሰለ ዛፍ ይሆናል። በኦሞ የታጠበበት የመጀመሪያው ውሃ ግን ሶዲየም ስላለበት መረሬን ያጠብቀዋል፣ አየርና ውሃም ይከለክለዋል፤ በረኪና የገባበት ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ለተጎዳ ዛፍ ማዳበሪያ ወይም ትኩስ ፍግ መስጠት ለታመመ ሰው ጥሬ ሥጋ እንደማቅረብ ነው፤ ጨውነቱ ከሥሩ ውሃ ይስባል። ቅርንጫፍ አብዝቶ መቁረጥም እንዲሁ፤ የደረቀው ቅርንጫፍ ብቻ ይወገድ።

አጥር ላይ ባሕር ዛፍ ካለ ያንን ሳይመለከቱ ስለ ውሃ ማውራት ከንቱ ነው። ሥሩ በብዙ ሜትር ርቆ ለኮኩ የፈሰሰውን ይጠጣል። በመካከሉ ሁለት ክንድ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ለአንድ በጋ ያህል ያስታግሰዋል፤ ማስታገስ ብቻ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት።

መቼ ይቆረጥ?

ግንዱ ሁሉ ተፍቆ ምንም አረንጓዴ ካልተገኘ ውሃ ማባከን ነው። ግንዱ ደርቆ ሥሩ ሕያው የሆነ እንደሆነ ደግሞ ምርጫው እንደ ዛፉ ይለያያል። ባሕር ዛፍና ወይራ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሲቆረጡ ከጉቶው ያቆጠቁጣሉ። የሀበሻ ጽድ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ቅጠሉ ሁሉ ቡናማ ከሆነ አይመለስም፣ ስለዚህ ጽድ ያለው ሰው ቢጫነት ሲጀምር መፍጠን አለበት። የተዳቀለ አፕል ወይም ማንጎ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ቅርንጫፍ ከድቅያው፣ ማለትም ሁለቱ ተክሎች ከተጋጠሙበት ቦታ፣ በላይ ወይስ በታች እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል፤ ከታች የወጣው የመሠረቱ ተክል ነው፣ የሚጠበቀውን ፍሬ አይሰጥም።

ሕያው የሆነው ዛፍ ውሃ ባገኘ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እምቡጥ ማሳየት ይጀምራል፤ ደጋ ላይ ሊዘገይ ይችላል። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ሲጥል ማጠጣቱን ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዝናቡ አቧራውን አርሶ ከሆነ ፌሮው ይናገራል፣ ሁለት ስንዝር ካልገባ ጀሪካኑ ይቀጥላል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መረሬ ላይ ያለ ማቆሪያ ክረምቱን ሙሉ ውሃ እንዳይዝ ጠርዙ በቁልቁለቱ በኩል በዶማ ይከፈታል፣ መስከረም ላይም ተመልሶ ይደፈናል።